ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው፦ በጣና ዙሪያ ወረዳዎች ለአሽከርካሪዎች፣ ለባለንብረቶችና ለቤተሰብ የሚጠቅም የሕግ ማብራሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አስፋልት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውን ሜዳ ያቋርጣል። የፎገራን ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ከገበያ የሚመለስ ባጃጅ፣ ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ሳይክል፣ የአህያ ጋሪ፣ ወደ በረቱ የሚነዳ ከብትና በእግሩ የሚጓዝ ገበሬ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። ከአዘዞ በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድም ከዚህ ብዙ አይለይም። በጥር ሠርግ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በማኅበርና በተዝካር ዕለት ደግሞ ከጠላው ቤት እስከ መንገዱ ያለው ርቀት አጭር ነው። መሪ የጨበጠው ሰው መጠጣቱና አለመጠጣቱ በዚህ መንገድ ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ጠጥቶ ማሽከርከር ጥፋት መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም የተጠረጠረ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘውም ቢሆን ከሕጉ በላይ ሊቀጣ አይገባም። በገጠር ወረዳ ጠበቃ እንደ ከተማው በቅርብ ስለማይገኝ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሚያሳልፈው ከጎረቤትና ከዘመድ በሰማው ምክር ነው። አንዱ «ሁሉንም ካድ» ይለዋል፤ ሌላው «አምነህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ይቀልልሃል» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ጉዳዩን ሳያዩ የሚሰጡ በመሆናቸው አደገኞች ናቸው።

ክሱ አንድ ዓይነት አይደለም

ጠጥቶ በማሽከርከር የሚቀርብ ክስ እንደ ውጤቱ ይለያያል። አሽከርካሪው ማንንም ሳይጎዳ በቁጥጥር ላይ ከተገኘ ጉዳዩ በዋናነት የሚታየው በትራፊክ ደንብ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 እና ማሻሻያው ደንብ ቁጥር 395/2009 በዚህ ረገድ ለዓመታት ሲሠራባቸው የቆዩ ናቸው። በ2003ቱ ደንብ አንድ አሽከርካሪ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ነው የሚባለው በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.8 ግራም ሲበልጥ ነው። ደንብ በየጊዜው ስለሚሻሻል ተከሳሹ በመጀመሪያ ማየት ያለበት፣ በክሱ ወይም በቅጣት ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ደንብና አንቀጽ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን በሥራ ላይ የነበረ መሆኑን ነው። ከድርጊቱ በኋላ የወጣ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ካልሆነ በቀር ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራበትም።

ሰው ከተጎዳ ጉዳዩ ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ይሻገራል። ሰው ከሞተ ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ይከብዳል። የሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በንዑስ አንቀጽ 1 ሥር የሚወድቀው ተራ ቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 2 የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል፤ ቅጣቱም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ይህ ንዑስ አንቀጽ ተፈጻሚ የሚሆነው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ ሲጣስ፣ ወይም አጥፊው አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ሲያደርስ ነው።

የብዙ ክርክሮች ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። «ጠጥቷል» ማለትና «ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሷል» ማለት አንድ አይደሉም። አንድ ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ሰውም ጠጥቷል። ዐቃቤ ሕግ ከባዱን ንዑስ አንቀጽ ሲጠቅስ ያንን ከባድ ፍሬ ነገር በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። በንዑስ አንቀጽ 1 እና በንዑስ አንቀጽ 3 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብን ዕድል የሚወስን በመሆኑ፣ ተከሳሹና ጠበቃው ክሱ የቆመበትን ንዑስ አንቀጽ ቁጥር ከማንኛውም ነገር አስቀድመው ማንበብ አለባቸው።

«ስለ ሰከርሁ አላወቅሁም» የሚለው መከራከሪያ ግን አያዋጣም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 በገዛ ፈቃዱ ወይም በገዛ ጥፋቱ የሰከረ ሰው ስካሩን ከተጠያቂነት ማምለጫ እንዳያደርገው ይከለክላል።

መጠጡና ደሙ

በጣና ዙሪያ የሚጠጣው ብዙ ዓይነት ነው። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ገደማ፣ የጠርሙስ ቢራ 5 እጅ ገደማ፣ ጠጅ ከ7 እስከ 11 እጅና አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አረቄ ደግሞ ከ35 እስከ 45 እጅ የሚደርስ አልኮል ይይዛሉ። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ የሚጠመቀው ቆረፌም በብዛት ከተጠጣ ያሰክራል። የቤት መጠጥ መለያ ወረቀት የለውም፤ የአንዷ ጠማቂ ጠላ ከሌላዋ እጥፍ ሊበረታ ይችላል። «ሁለት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው ቃል ብቻውን ለከሳሽም ለተከሳሽም ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው።

በግምት ለማስላት ያህል፣ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ሁለት ጠርሙስ ቢራ በአንድ ጊዜ ቢጠጣ ደሙ በሊትር ወደ 0.6 ግራም ይደርሳል። ሦስተኛውን ሲጨምር 0.8ን ሊያልፍ ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ አረቄ ሦስት ጊዜ የጨለጠ ሰው ደግሞ ወደ 1.2 ግራም ገደማ ይሆናል። ክብደቷ ተመሳሳይ የሆነ ሴት ደም ውስጥ መጠኑ ከዚህ ከፍ ይላል። የበላ ሰው ካልበላው ይዘገያል እንጂ አይድንም።

ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ሲሆን፣ ይህም በአማካይ በሰዓት በሊትር 0.15 ግራም ገደማ ነው። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በጣና ዳር መናፈስ፣ አንዳቸውም ይህን አያፋጥኑትም። ጫት ቅሞ ለጨብሲ የሚጠጣ ሰው ንቁ የሆነ ይመስለዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ግን አይቀንስም። በሠርግ ቤት አምሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደሙ 2 ግራም የደረሰ ሰው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተኝቶ ቢነሣም አሁንም 1.1 ግራም ገደማ ይኖረዋል። «ማታ ነው የጠጣሁት፣ ጠዋት አልቀመስሁም» የሚለው እውነት ሆኖ ሳለ መከላከያ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ከመንገድ ዳር እስከ ፖሊስ ጣቢያ

የትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው ሰው ስሙንና መንጃ ፈቃዱን ማሳየት አለበት። ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ከማን ጋር እንደነበረ ለሚጠየቀው ግን መልስ ለመስጠት አይገደድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅና የሚናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲገለጽለት ያዛል። የ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27ም ይህንኑ ይላል። በማስፈራራት፣ በማባበል ወይም በተስፋ ቃል መቀበል ክልክል ነው። ዝምታ ንቀት አይደለም፤ በትሕትና «ቃሌን በጠበቃ ፊት እሰጣለሁ» ማለት ይበቃል።

በመንገድ ላይ «ጉዳዩን እዚሁ እንጨርስ» ብሎ እጅ ወደ ኪስ መስደድ ከሁሉ የከፋ ነው። ጉቦ መስጠት በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በትንሽ መቀጮ ሊያልቅ ይችል የነበረውን ነገር ወደ ከባድ ክስ ይለውጠዋል።

አደጋ ደርሶ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። በገጠር መንገድ ላይ ሰው የገጨ አሽከርካሪ የተቆጡ ሰዎችን ፈርቶ መሮጡ የተለመደ ነው። ሕይወቱን ለማዳን ከቦታው መራቁ የሚያስወቅሰው ባይሆንም፣ በቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ቀበሌ ሄዶ ወዲያውኑ ማስታወቅና ለተጎጂው እርዳታ እንዲደርስ ማድረግ ግዴታው ነው። ይህን ያደረገና ጫካ ገብቶ በሦስተኛው ቀን የተያዘ ሰው በፍርድ ቤት ፊት አንድ ዓይነት ሆነው አይታዩም። የኋለኛው የሸሸው ስካሩ እስኪለቀው ነው መባሉ አይቀርም።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ቤተሰብ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፎ መያዝ አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ግን የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።

ዋስትና

ጉዳት ባልደረሰበት ጉዳይ ዋስትና ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም። ወንጀሉ በዋናነት በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪ ፖሊስ ራሱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት ተጠርጣሪውን በዋስ ሊለቀው ይችላል።

ሰው ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ እንደሆነ ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 63 ዋስትናን የሚከለክለው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጎጂው ሊሞት ይችላል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ወረታ ላይ የተያዘ አሽከርካሪ ባሕር ዳር ሆስፒታል የተኛው ሰው ጤና እስኪታወቅ በእስር የሚቆየው በዚህ የተነሣ ነው። የተጎጂው ሁኔታ ከተሻሻለ ግን ምክንያቱ ይነሣል። ቤተሰብ ተጎጂው ከአደጋ መውጣቱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ማመልከት ይችላል። ሰው ከሞተና ክሱ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ከቀረበ የቅጣቱ ጣሪያ 15 ዓመት በመሆኑ ዋስትና ይከለከላል የሚል ክርክር ይነሣል። የንዑስ አንቀጹ ቁጥር በዋስትናም ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

ማስረጃው እንዴት ይመዘናል?

ስካርን ለማስረዳት የሚቀርበው ማስረጃ በሦስት መንገድ ይመጣል፤ በትንፋሽ መመርመሪያ፣ በደም ምርመራና በሰው ምስክርነት።

የትንፋሽ መመርመሪያው ከሳንባ የሚወጣውን አየር ለክቶ የደሙን መጠን ይገምታል። ውጤቱ የሚታመነው መሣሪያው በየጊዜው ተፈትሾ ልኩ የተስተካከለ ሲሆንና አሠራሩም ትክክል ሲሆን ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ውስጥ የጠጣ፣ ያስመለሰ ወይም ያገሳ ሰው አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከደሙ በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ የተነሣ ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ለትራፊክ ፖሊሱ የሚያቀርባቸው መስቀለኛ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? ከማስቆም እስከ ማስነፋት ስንት ደቂቃ አለፈ? ስንት ጊዜ ተነፋ፣ ሁለቱ ውጤቶችስ ይቀራረባሉ? ውጤቱ የተመዘገበው በምን ላይ ነው?

ደምን በሚመለከት የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 34 ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ይዟል። መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ማድረግ ይችላል፤ ምርመራው ደም መውሰድንም ይጨምራል፤ ውጤቱም በጽሑፍ መስፈር አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ በቃል «ሐኪሙ ሰክሯል ብሏል» በሚል ሊታለፍ አይችልም፤ ጽሑፉ መቅረብ፣ ሐኪሙም እንደ አስፈላጊነቱ ሊጠየቅ ይገባል። ደሙ በስንት ሰዓት ተወሰደ? ክንዱ የተጠረገው በአልኮል ነበር ወይስ በሌላ? ናሙናው በማን እጅ፣ በምን ዕቃ፣ ለስንት ሰዓት ቆይቶ ላቦራቶሪ ደረሰ? በሐይቁ ዳርቻ ካለ ጤና ጣቢያ እስከ ከተማው ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች ለይምሰል የሚጠየቁ አይደሉም።

ሰዓቱ ራሱ የክርክር ጉዳይ ነው። አልኮል ከተጠጣ በኋላ በደም ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከአደጋው ሦስት ሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም አደጋው ሲደርስ የነበረውን መጠን በቀጥታ አያሳይም፤ ከዚያ በላይም በታችም ሊሆን ይችላል። ይህ ክርክር ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ሲረዝም መጠኑ ስለሚወርድ፣ ባለሙያ ወደ ኋላ ቢያሰላው ተከሳሹን የሚጎዳ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ሳያሰሉ ማንሣት ተገቢ አይደለም።

መሣሪያም የደም ምርመራም ከሌለ የሚቀረው የሰው ቃል ነው። አፉ ይሸት ነበር፣ ይንገዳገድ ነበር፣ አንደበቱ ይተሳሰር ነበር የሚል ምስክርነት ይቀርባል። ሽታ መጠጣትን እንጂ መጠንን አይናገርም። መንገዳገድና የአንደበት መተሳሰር ደግሞ ከስካር ውጭ በሆነ ምክንያትም ይመጣሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድበት፣ በግጭቱ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ከሌሊት ጉዞ ድካም ያልነቃ ሰው እንዲሁ ይሆናሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈጥነው ሊገድሉ የሚችሉ በመሆናቸው፣ አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ «ሰክሯል» ተብሎ እስር ቤት ከመጣሉ በፊት በሐኪም መታየት አለበት። ቤተሰቡ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ እንዳለበት የሚያውቅ ከሆነ ለፖሊስ በዚያኑ ሰዓት ማሳወቅና የሕክምና ካርዱን ማቅረብ ይኖርበታል።

ምስክር አሰልፎ «አብሮን ነበር፣ አልጠጣም» ማሰኘት በአንዳንድ አካባቢ እንደ ወዳጅነት ይታያል። በሐሰት መመስከር የሚያስቀጣው ግን ምስክሩን ነው፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈርስ ደግሞ የተከሳሹን እውነተኛ መከላከያ ጭምር ይዞት ይወድቃል።

አደጋውን ያመጣው መጠጡ ነው ወይ?

አሽከርካሪው መጠጣቱ ቢረጋገጥ እንኳ ለሞቱ ወይም ለጉዳቱ መንስኤ የሆነው የእርሱ ጥፋት መሆኑ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 24 በድርጊቱና በውጤቱ መካከል የምክንያትና ውጤት ግንኙነት እንዲኖር ይጠይቃል። አንቀጽ 57 ደግሞ ያለ ጥፋት፣ ከዐቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ በደረሰ ነገር ማንም በወንጀል እንደማይቀጣ ይደነግጋል።

በጣና ዙሪያ መንገዶች ይህ ነጥብ በተግባር የሚነሣ ነው። ከብት በድንገት ይገባል፤ ጋሪ ያለ መብራትና ያለ አንጸባራቂ ይጓዛል፤ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ያለ ምልክት ይቆማል፤ በክረምት ጎርፍ የመንገዱን ትከሻ ይበላዋል። ያልጠጣ አሽከርካሪም ሊያመልጠው የማይችለው ነገር ከነበረ ይህ መታየት አለበት። ማስረጃው ያለው ደግሞ በመንገዱ ላይ ነው፤ የጎማ ምልክቱ፣ የግጭቱ ቦታ ከመንገዱ መሐል ያለው ርቀት፣ የተሰበረው መስታወት ያረፈበት ቦታ። የትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን እነዚህን መያዝ አለበት። አንድ ዝናብ ሁሉንም ስለሚያጥበው ቤተሰብ በዚያኑ ቀን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣቱ ከብዙ ምስክር ይበልጣል። ነገር ግን የመንገዱን ልክ የሚለውጥ፣ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ማስረጃ ማጥፋት ላይ ነው።

በምጥ የተያዘች ሴት

በገጠር ቀበሌ ሊያጋጥም የሚችል አንድ ከባድ ሁኔታ አለ። ባለ ባጃጁ ማታ ከማኅበር ተመልሶ ተኝቷል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጎረቤቱ በሩን ይደበድባል። ሚስቱ ምጥ ጸንቶባታል፣ ደምም ይፈሳታል። አምቡላንስ ተደውሎ አልተገኘም። ባለ ባጃጁ ጠጥቻለሁ ብሎ ቢቀር እናቲቱ ልትሞት ትችላለች፤ ቢነሣ ደግሞ ሕግ ይጥሳል፤ የሦስት ሰው ነፍስም በእጁ ይሆናል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75 የራስን ወይም የሌላን ሰው መብት ከቅርብና ከከባድ አደጋ ለማዳን፣ ሌላ መንገድ ሳይኖር የተፈጸመ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ይህ አስገዳጅ ሁኔታ ይባላል። ፍርድ ቤት ግን ዝርዝሩን ይጠይቃል። አምቡላንስ በእርግጥ ተደውሎ ነበር? በቀበሌው ያልጠጣ ሌላ አሽከርካሪ ነበር? የጠጣው ምን ያህል ነው፣ በምን ፍጥነት ነዳ? ከአስፈላጊው ልክ ያለፈ ከሆነ በአንቀጽ 76 ቅጣቱ ይቀነስለታል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይቀርለት ይችላል። የስልኩ የጥሪ ታሪክ፣ እናቲቱ ጤና ጣቢያ የደረሰችበት ሰዓት የተጻፈበት ካርድና የጎረቤቶች ቃል የዚህ መከላከያ ምሰሶዎች ናቸው። ታማሚ አድርሶ ሲመለስ የተያዘ አሽከርካሪ ግን ይህን መከላከያ ለመልሱ ጉዞ መጠቀም ይከብደዋል፤ አስገዳጁ ሁኔታ ጤና ጣቢያው በር ላይ አብቅቷልና።

በችሎት ፊት

ክሱ በጽሑፍ ይደርሳል። በአንቀጽ 111 መሠረት ክሱ የተከሳሹን ስም፣ የወንጀሉን ፍሬ ነገር፣ ጊዜውንና ቦታውን፣ የተጣሰውን ሕግና አንቀጽ መያዝ አለበት። ቀኑ የተሳሳተ፣ ቦታው ያልተገለጸ ወይም የተዘረዘረው ድርጊት ከተጠቀሰው አንቀጽ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ተከሳሹ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የክስ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ ክሱን ያሳርመዋል እንጂ አያዘጋውም፤ ቢሆንም ከአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ወደ ሌላ ንዑስ አንቀጽ እንዲሻሻል ያደረገ መቃወሚያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የእምነት ክህደት ቃል ይመጣል። ተከሳሹ እያንዳንዱን የወንጀሉን ፍሬ ነገር ያለ ምንም ገደብ ያመነ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። «ጠጥቻለሁ፣ ግን አልሰከርሁም»፣ «ገጭቻለሁ፣ ግን ድንገት ገብቶብኝ ነው» የሚል መልስ ሙሉ እምነት አይደለም፤ እንደ ክህደት ተመዝግቦ ማስረጃ መሰማት አለበት። ብዙ ገበሬ ዳኛ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ ጌታዬ» የሚለው ከትሕትና ነው። ያ ትሕትና በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ክህደት ከተመዘገበ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በአንቀጽ 141 በነፃ ይሰናበታል። ካስረዳ «ተከላከል» ይባላል። ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ ምስክሮችን የመጠየቅና የራሱን ምስክሮች የማሰማት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረጋግጦለታል። አማርኛ የማይሰማ አሽከርካሪ አስተርጓሚ ያገኛል። ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የሌለው ሰው ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለት ችሎቱን መጠየቅ አለበት። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

እርቅ፣ ካሳና ቅጣት

በአካባቢው ባህል ሽማግሌ ተልኮ የሟች ቤተሰብ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ካሳ ይቆረጣል። እርቁ ደም መመለስን የሚያስቀር ትልቅ ነገር ነው። የወንጀሉን ክስ ግን አያቋርጠውም። ጥቅሙ በቅጣት ጊዜ ይታያል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ተጎጂን መርዳትን፣ ጉዳትን በተቻለ መጠን መካስንና ራስን ለሕግ አካል አሳልፎ መስጠትን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። እርቁ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ሽማግሌዎቹ ሊፈርሙበትና ለፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። ክሱን ለሚክድ ተከሳሽ ግን የጽሑፉ አገላለጽ ጥንቃቄ ይሻል፤ «በደረሰው ሞት አዝነን ቤተሰቡን ረድተናል» የሚለውና «ሰክሬ ገድያለሁ» የሚለው በመዝገብ ውስጥ የተለያየ ሥራ ይሠራሉ።

ባለንብረቱም ከነገሩ ውጭ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት የራሱ ጥፋት ባይኖርም ኃላፊ ያደርገዋል። ሹፌሩ በወንጀል ክሱ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ የካሳ ጥያቄው በፍትሐ ብሔር ሊቀጥል ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። አይሱዙውን ለሹፌር የሰጠ ነጋዴ የመድን ውሉ ሰክሮ ስለማሽከርከር የሚለውን ክፍል ከአደጋ በፊት ቢያነበው ይሻለዋል፤ ለሹፌሩ የአረቄ ሒሳብ የሚከፍለው በመጨረሻ እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ይግባኝ የሚጠይቅ ወገን ፍርዱ ከተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ግልባጩ ሲወሰድ ቀኑ እንዲጻፍበት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።